አረብኛ ለአማት

በስደት በምኖርባት የጎረቤት አገር ከተማ፣ ከአትላባራ ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ።

«የአረብኛ ትምህርት ቤት የት ነው የማገኘው?»

«ለሥራ ነው?»

«ለወደፊት አማቴ። እሁድ ልጃቸው ሎሎጎ፣ ቤታቸው ወስዶ አስተዋወቀኝ። እሳቸው ፊት ዲዳ ሆኜ ልኖር?»

«እሱ አማርኛ የት ለመደ?»

«ጋምቤላ ነው ያደገው።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናቱ... ወይኔ ጉዴ።»

«እሳቸው ፊት ምን ብለሽ ነበር?»

«አብራኝ ለሄደችው እህቴ፣ ‹ሴትዮዋ ፊታቸው አይፈታም፤ ወጡም ጨው የለውም› አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«ተነሥተው ጨው አመጡ። ልጃቸው የነገራቸው መስሎኝ ነበር።»

ጓደኛዋ ሳቅ እየተናነቃት፣ «በይ ትምህርቱ ይቅርብሽ፤ ተግባብታችኋል» አለቻት።

እኔም ሱቄ እስክደርስ፣ ፊት ለፊታቸው በአማርኛ ያማኋቸውን ደንበኞቼን አንድ በአንድ ሳስታውስ ሄድኩ።