አርባ ሞተር ያቃጠልኩ ልጅ

እኔ እኮ ሶኬት የምሰካው እንኳን ፈርቼ አይኔን ጨፍኜ ነው። ግን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሞተር ሲሙሌት ማድረግ ጀመርን፤ እውነተኛውን ሳትነኩ ኮምፒውተር ላይ ታዞሩታላችሁ። በሱ ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ትንሽ ልቤ አብጧል። ቅዳሜ እናቴ ጤፍ አስይዛ እንጦጦ መውጫው ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ስደርስ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ በእጃቸው እየጎተቱ ሊያስነሱት ይታገላሉ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት የመብራት መስመሮች አንዱ ተቋርጧል፣ እንዲህ ከቆየ ግሎ ይነዳል።

"ጋሼ፣ ያጥፉት! ሊቃጠል ነው!" አልኩ በሩ ጋ ሆኜ።

"አንቺ ደግሞ! ስንት ሞተር ሠርተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድም። ግን አርባ የሚሆን አቃጥያለሁ።"

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"ኮምፒውተር ላይ እኮ ነው!" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"የትም ይሁን! አርባ ያቃጠለ እጅሽን ይዘሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ? እኔ ያለኝ አንድ ነው!" ብለው ሞተሩን ድርግም አድርገው አጠፉና ከነጤፌ አባረሩኝ።

ሰኞ ስመለስ ወፍጮው ይፈጫል። ለካ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው፣ አንዱ ፊውዝ ተቃጥሎ ኖሮ፣ "ትንሽ ቢቆይ ሞተሩ አይተርፍም ነበር" ብሏቸዋል። ጋሽ ደምሴ ለወረፋተኛው ያወራሉ፦ "እግዜር ሲያወጣኝ እኮ! ያቺን ሞተር አቃጣይ ፈርቼ ባላጠፋው አልቆልኝ ነበር!"

ከዛ እኔን አዩኝ። "አንቺ፣ ጤፉን እዛው አስቀምጪና ራቅ በይ!"