ሥልጠና ላይ ነን

«ዛሬስ ፀሐይዋ እንዴት ጥሩ ናት ጋሼ፤ አንሶላው ገና ከማስጣቴ ደረቀ። ወገብዎንስ ተሻለዎት?»

የአረጋውያን መኖሪያው ልብስ አጣቢ ናት ለሽማግሌው ዘበኛ የምታወራው። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ጆሮው ስለሚከብደው ነው። ከጀርባዋ የለጋሾች ጉዳይ ኃላፊው መስኮት ወለል ብሎ መከፈቱን ልብ ያለችም አትመስልም።

«አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ብሎኝ ነው... እንደሱ ያለ የተማረ ሰው አይቼ አላውቅም። ለጋሽ እንዴት ዕድሜ ልኩን አብሮ እንደሚቆይ ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል። ሰሌዳው ላይ የማይስለው ነገር አለ? ያቺ ልብስ ሰፊዋ እመቤት ግን ሰሌዳ መቼ አይታ ታውቃለች፣ ምስኪን። አሥራ አንድ ዓመት የደገፈችን እነ እማማ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የሚጽፉላትን ደብዳቤ እያነበበች ነው። እሱ ደግሞ አዘነላቸው... እጃቸው ይረፍ ብሎ በማሽን አሳተመላት። ‹ውድ ለጋሻችን› ይላል፣ ስሟን እንኳ ሳያስቸግር። ትሕትና ማለት ይኼ አይደል?

«ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ ምን ሆናችሁብኝ ብላ ራሷ መጣች። እርስዎ አይደሉ ወንበር የሰጧት? እሱማ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ለጋሽ እንዴት በክብር እንደሚስተናገድ ሲያሠለጥን። በሩ ላይ ‹ሥልጠና ላይ ነን፤ አትረብሹ› ብሎ ለጥፎ የለ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቃ ሄደች። ሥራውን የሚወድ ሰው ነዋ... እንዴት ብሎ ያቋርጥ?»

አንሶላውን አራገፈች። በመስኮቱ በኩል ወንበር ሲጥ ሲል ተሰማ።

«ይኸው ትናንት ደውላ፣ ከእንግዲህ በቃኝ አለች። ነርሷን ከፍላ የምታመጣልን እሷ ነበረች፤ ከወሩ መጨረሻ ወዲያ ነርስም የለ። እማማ ‹ቁስሌን ማን ያጥብልኛል?› ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው ጋሼ? አንጀቴ ነው ያረረው። እሱን ግን እንዳይቀየሙት... ሰሌዳው ሞልቶበት እንጂ፣ የእማማንም ነገር ይስለው ነበር።

«ብቻ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ሸምግሎ፣ ጉልበቱ ከድቶት ሰው ደጅ የቆመ ዕለት... በሩ ላይ የሚጠብቀው ሌላ ሳይሆን፣ ራሱ አሠልጥኖ ያወጣው ሰው ይሁንለት። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።»