ዘፈን ያስዘጋ ይዝፈን
ሙዚቃ የሕፃንን አእምሮ ያበላሻል የሚለው ጽኑ አቋሜ የተፈተነው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚኒባስ ስጓዝ ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ያቀፈችው ሕፃን ሾፌሩ በከፈተው ዘፈን ይፍለቀለቃል። ሾፌሩን ገሥጬ ዘፈኑን አዘጋሁት። ሕፃኑ ወዲያው ሚኒባሱን በለቅሶ አናወጠው።

«አባባ፣ ያስዘጉት እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ እርስዎ ይዝፈኑለት!» አለችኝ እናቱ።

ተሳፋሪው ሁሉ ስላፈጠጠብኝ፣ በመምህርነት ዘመኔ ፊደል ባስቆጠርኩበት ዜማ «ሀ ሁ ሂ» አልኩ። ሕፃኑ ጸጥ አለ፤ ተሳፋሪዎቹም እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ። ዳባት ደርሰን «ወራጅ አለ!» ብዬ ዜማውን ባቋርጥ፣ ለቅሶው እንደገና ቀለጠ።

«ወዴት ነው አባባ? እኛ የምንወርደው እኮ አምባ ጊዮርጊስ ነው!»

እያዜምኩ አምባ ጊዮርጊስ ገባሁ። በመልሱ ሚኒባስም ሕፃን ያዘለች ሴት ስትሳፈር ባይ፣ ሾፌሩን «ልጄ፣ ዘፈን የለህምን?» አልኩት።