ለራሱ ዋስ የቆመ ሻጭ

ሰው የሚታለለው በማያውቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ አክብሮ በያዘው ቃልም ይታለላል። የተማሪዎች ሰርቪስ የሚነዱት አዛውንት ሊታለሉ የነበረው በዚህ በሁለተኛው ነው።

አንድ ማለዳ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲመለሱ የሚኒባሳቸው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እንደምንም እያዘገሙ ጎሚስታው ደጃፍ ደረሱ። የጎሚስታው ቤት ከመኪና መሸጫው አዳራሽ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ የብስክሌቷ ከመነዳሪ እስኪለጠፍ ከጎማው ክምር አጠገብ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣለች።

«ጠበቃችን! አንቺም ተነፈስሽ?» አሏት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «የእኔስ ሚስማር ነው።»

ጎሚስታው የአዛውንቱን ጎማ እያንከባለለ ሳቀ። «የእርሳቸው ግን ሚስማር አላስፈለጋትም። ጋሼ፣ ይቺ ጎማ እኮ ጥርሷ ካለቀ ቆየ፤ በድዷ ነው የምትሄደው!»

«ለጊዜው ለጥፋት። ዛሬ ዋስ ልገዛላት ነው» አሉ አዛውንቱ በኩራት፣ በአገጫቸው ወደ አዳራሹ እየጠቆሙ። «የፋብሪካው ዋስትና በዚህ ሳምንት ያበቃል። የእህቴ ልጅ እዚያ ሻጭ አይደል? የተራዘመ ዋስትና የሚሉት አለ። ከእንግዲህ ምን ቢሰበር እነሱ ናቸው የሚጠግኑት። ለጎማና ለፍሬን ያስቀመጥኳትን ለዚያ ላውላት ነው።»

ልጅቷ መጽሐፏን አጠፈች። «ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ዋስ ማለት ለእርስዎ ምንድን ነው?»

«ለእኔ ነው ይህ ጥያቄ?» አሉ። «ዋስ ማለት ሌላው ሲከዳ የሚቆም ሰው ነው። ወዳጄ ተበድሮ ሲጠፋ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ወቅሳኛለች። ቢሆንም ቃል ቃል ነው።»

«እንግዲያው ዋስ ሦስተኛ ሰው ነው።»

«እንዴታ!»

«ይቺ መኪና ጠንካራ ናት ብሎ የሸጠልዎ ማን ነው?»

«እነሱ።»

«ለዚህ ቃላቸው ዋስ የሚሆነውስ?»

አዛውንቱ ወደ አዳራሹ መስታወት ተመለከቱ። «እነሱው» አሉ ቀስ ብለው።

«የዋሱን ዋጋ የሚከፍለውስ?»

«ጋሼ ናቸዋ!» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ጎማህን ለጥፍ!»

አዛውንቱ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሆኖም የገባን ነገር መቀበል ሌላ ነው። ከኪሳቸው ከፍለው ያከበሩት ቃል እንደ ሸቀጥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማየት አሳፈራቸው፤ ኀፍረታቸውንም በቁጣ ሸፈኑት።

«እናንተ የተማራችሁ ሥራችሁ ሁሉን ማጣጣል ነው! ነገ ካምቢዮዬ ቢሰበር የት እገባለሁ?»

«ዋስትና ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም» አለች በትሕትና። «ድንገተኛ ስብራት ሥራውን ለሚያስቆምበት ሰው፣ ውሉ በእርግጥ የሚሸፍነው ከሆነና ዋጋው ከተመጣጠነ ሊጠቅመው ይችላል። ግን ከመኪናዎ ቶሎ የሚያልቀው ምንድን ነው?»

«ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ።»

«በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅን ዕቃ እንዲህ ያሉ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑም። ልጆች አሳፍረው በድድ ጎማ እየሄዱ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ። ሌላም አለ፤ እሱን ግን ከእህትዎ ልጅ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ሰው በክፍያ የሚጭን መኪና ይሸፈናል ወይ ብለው ይጠይቁት።»

ይህን እየተናገረች ሳለ ወጣቱ ሻጭ ከረባቱን በአንድ እጁ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«አጎቴ፣ ዘገዩብኝ እኮ! ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«አልቋል? ደግ። ልጆች በክፍያ እንደምጭን ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም? እኔንስ ያሳደጉኝ በዚያው ገቢ አይደል?»

«ታዲያ ካምቢዮዬ ቢሰበር ይጠግኑልኛል?»

ወጣቱ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ አስፋልቱን። «የግል መገልገያ ብለን ሞልተነዋል...»

«ብለን? ማንና ማን?»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያስሞላው አጎቴ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ይጠግናሉ?»

«ካወቁ... አይጠግኑም።»

አዛውንቱ አንድ እርምጃ ቀረቡት።

«ሲቀጥሩህ ዋስ አምጣ አሉህ። ማን ቆመልህ?» አሉ አዛውንቱ።

«እርስዎ።»

«ምን ተቀበልኩ?»

«ምንም።»

«እኔ ለሥጋና ለደም በነጻ ቆምኩ። እነሱ ለገዛ ብረታቸው ለመቆም ዋጋ ይጠይቁኛል። የማይቆም ዋስ! ይዘህልኝ የመጣኸው ደግሞ አንተ።»

«ምን ላድርግ አጎቴ?» አለ ወጣቱ። «በዚህ ወር አንድም አልሸጥኩም። የሻጮች ስም ግድግዳው ላይ በተርታ ተለጥፏል፤ የእኔ ከሁሉ በታች ነው። ወደ ማን ልሂድ? የሚያምነኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። በክርክር መርታት ደስ የሚለው በመጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እዚህ የተረታው አንድ ሽማግሌ ባሳደገው ልጅ ላይ የነበረው እምነት ነውና።

«አልፈርምም» አሉ አዛውንቱ በመጨረሻ። «ዋስነቴን ግን አላነሣብህም። እሱ አይሸጥም።»

ወጣቱ ግራ ቀኝ እንኳ ሳያይ መንገዱን ተሻገረ።

አዛውንቱ ወደ ልጅቷ ዞረው «እንግዲህ ምከሪኝ ልጄ፤ ልቤስ ተሰብሯል፤ ካምቢዮዬ ቢሰበር ምን ይሻለኛል?» አሏት።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ። ጎማውንና የፍሬን ሸራውን ዛሬውኑ ይቀይሩ። ዘይቱን ጊዜው ሳያልፍ ያስለውጡ። ከእንግዲህ ውል ሲቀርብልዎ፣ ምን ይሸፍናል ከማለትዎ በፊት ምን አይሸፍንም ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በየወሩ የሚችሉትን ያህል ለመኪናዋ ብለው ባንክ ያኑሩ። ስብራት ቢመጣ መጠገኛ ይሆናል፤ ባይመጣ ግን ገንዘቡ የእርስዎ ነው። ለእነሱ ቢከፍሉት ባይሰበርም አይመለስም።»

እንደመከረቻቸው አደረጉ። በዝናብ ቀን ሚኒባሷ ቁልቁለቱን ሳትንሸራተት ትወርዳለች፤ ፍሬኑ ሲነካ ይይዛል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ስጋት ያሳፍራሉ። ባንክ የተቀመጠውም ጥቂት በጥቂት እያደገ ነው። የሚከራከራቸው ሹፌር ሲያገኙ የልጅቷን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይደግሙለታል፤ ሰው በክፍያ የሚጭን መኪና ይሸፈናል ወይ የሚለውን የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ይተዉታል።

የእህታቸው ልጅ እሑድ እሑድ መምጣቱን ትቷል። በአዳራሹ ፊት ሲያልፉ ከመስታወቱ ጀርባ ያዩትና ክላክስ ይነፉለታል፤ ቀና አይልም። ቢሆንም ኩባንያው ዘንድ ዋሱ ዛሬም እሳቸው ናቸው፤ ያለ ዋጋ፣ ያለ ማብቂያ ቀን።