ፊልም ላይ ያመሰገንኩት ምስጋና

ጎጆ ከተማ አጠገብ የነበረችውን ቤቴን ለመንደር ምስረታ ሲያፈርሷት፣ ካሜራ የተሸከመ የመንግሥት ሰው ፊቴ ተገተረ። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ «መነ ኮ ሂን ዲጊና! ቤቴን አታፍርሱብኝ! ልጆቼን በዚህ ዝናብ የት ላድርጋቸው?» እያልኩ ጮህኩ። እሱ መቅረጹን ቀጠለ።

ከወራት በኋላ አምቦ አዳራሽ ሰብስበው ፊልሙን ሲያሳዩን ራሴን አየሁ፤ እጄ ተዘርግቷል፣ አፌ ይንቀሳቀሳል። የተራኪው ወፍራም ድምፅ፣ «እኚህ እናት ስለ አዲሱ መንደራቸው ምስጋና ያቀርባሉ» አይልም! አዳራሹም አጨበጨበ። ብድግ አልኩ። በሩ ጋ የቆመውን ያንኑ ባለካሜራ፣ «ጓድ፣ ጩኸቴን የት ጣልከው?» አልኩት።

«እህቴ፣ ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። ንግግሩን አዲስ አበባ ያሉት ናቸው የሚጨምሩት።»

«ጆሮህስ? እሱም አይቀዳም?»

ወደ ሰዉ ዞሬ ያንኑ ጩኸቴን ቃል በቃል ደገምኩት። «በሉ እንጂ፣» አልኳቸው፣ «አሁንም አጨብጭቡ!»