ሁለት ጣት

የኔ ቆንጆ፣ ጆሮሽን አውሺኝማ፦ ድሬዳዋ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ የቀድሞው ተከላካይ ታረቀኝ የድሮ ማሊያውን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ እግሩ ታኬታ አጥልቋል፣ ሌላኛውን ታኬታ ልጁ እየሩስ ከጀርባዋ ደብቃ በሩ ላይ ቆማለች።

ታረቀኝ፦ አምጪው አልኩ እኮ። በአንድ እግር ልሂድ ነው?

እየሩስ፦ ብትሄድ ደስ ይለኛል። በአንድ ጫማ የሚያነክስ ተከላካይ ሲያዩ ቶሎ ያስወጡሃል።

ታረቀኝ፦ ከማን ጋር እንደምትቀልጂ ታውቂያለሽ? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ያላመለጠው ሰው ነው ፊትሽ ያለው።

እየሩስ፦ አውቃለሁ አባዬ። ትናንት ነግረኸኛል። ጠዋትም ነግረኸኛል።

ታረቀኝ፦ ጠዋት?

እየሩስ፦ ተወው። ሐኪሙ ጭንቅላትህን ኳስ እንዳይነካው አላለም?

ታረቀኝ፦ ያ ልጅ ኳስ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ደግሞ የዛሬው የአንጋፋዎች ጨዋታ ነው፣ ቦርጫም ከቦርጫም ጋር። ማን ይዘላል?

እየሩስ፦ አንተ።

ታረቀኝ፦ እኔማ እዘላለሁ።

እየሩስ፦ አየህ?

ታረቀኝ፦ ታዲያ ኳስ ከላይ ስትመጣ ቆሜ ልያት? ይሄ ከተማ ስሜን የሚያውቀው በቴስታ ነው። በእግሬማ ምን ችዬ አውቃለሁ። እናትሽ እንኳ «እግርህን ቤት ጥለኸው ብትሄድ ማን ያውቅብሃል» ትለኝ ነበር።

እየሩስ፦ ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ሌላ ሰፈር፣ ገንደ ቆሬ ነው ያገኘንህ። ዳቦ ቤቱ እኮ ከበራችን ፊት ለፊት ነው።

ታረቀኝ፦ መንገድ የማይጠፋው ሰው አለ? ሙቀቱ ነው።

እየሩስ፦ እሺ፣ ሙቀቱ ነው። ይሄ ስንት ጣት ነው?

ታረቀኝ፦ ሁለት።

እየሩስ፦ ቀና ብለህ ሳታየኝ?

ታረቀኝ፦ ምን ማየት ያስፈልጋል? ሁሌም ሁለት ነው። የኔና የሸምሱ ሕግ ነው። ሸምሱ፣ በረኛችን... አልነገርኩሽም እንዴ?

እየሩስ፦ ንገረኝ።

ታረቀኝ፦ ስጋጭ ከቡድኑ ሐኪም በፊት ሸምሱ ነው የሚደርሰው። ውሃ ያፈስብኛል። ሐኪሙ ሲመጣ «እኔ ልጠይቀው» ይልና ጀርባውን ለሐኪሙ ሰጥቶ ጣቱን ያሳየኛል። ሁለት። እኔም ሁለት እላለሁ፣ «ልክ ነው» ይላል፣ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ይመለሳል። ዓይኔ ቢጨልም ባይጨልም ምን ቸገረኝ። አንድ ቀንም ተቀይሬ አልወጣሁም።

እየሩስ፦ የዋንጫው ጨዋታ ቀንስ?

ታረቀኝ፦ ያን ቀንማ የጎሉ ብረት ነው የመታኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ነው የነገረኝ። ጎሉንም እኔ ነኝ አሉ ያገባሁት። ግን ሁለት ማለቴን አስታውሳለሁ። አውቄያለሁ ማለት ነው፣ ደህና ነበርኩ።

እየሩስ፦ ቅድም ያሳየሁህ ሶስት ነበር፣ አባዬ።

ታረቀኝ፦ አንቺ ሸምሱ አይደለሽማ። እሱ አያታልለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደኛል። ከኋላዬ እሱ ከቆመ ምንም አልሆንም። በይ ታኬታውን።

እየሩስ፦ አይመጣም።

ታረቀኝ፦ ማን አለ?

እየሩስ፦ ራሱ። ጠዋት ደወልኩለት። አባቴን ዛሬ መጥተህ አትውሰደው ብዬ ለመንኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፣ ለካ እያለቀሰ ነው።

ታረቀኝ፦ ሸምሱ? አምስት ጎል ገብቶበት ያላለቀሰ ሰው?

እየሩስ፦ እሱ።

ታረቀኝ፦ ምን አለሽ?

እየሩስ፦ መጀመሪያ ታኬታህን እንካ። አልደብቅብህም። ሰምተኸኝ መሄድ ከፈለግክ ሂድ።

ታረቀኝ፦ ምን አለሽ ነው የምልሽ?

እየሩስ፦ እንዳለው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህ። «የዋንጫው ቀን ዓይኑ ሲገለበጥ አይቼ ፈራሁ። እውነቱን ማወቅ ፈለግኩና አራት ጣት አሳየሁት። ሁለት አለኝ። ዞር ብዬ ለሐኪሙ ‹ልክ ነው› አልኩት።»