ለቅሶ ቤት የተጠገነ ጎማ
ለጓደኛዬ ሚዜ ሆኜ ነበር፤ ቀለበቶቹም እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው። ሰርጉ መኪና ከማይገባበት ገጠር ስለሆነ በብስክሌት ተነሣሁ። ገና ከዳባት ሳልወጣ የኋላ ጎማዬ ይወላገድ ጀመር። ወርጄ ሳየው የቸርኬውን ሽቦ ወጥራ የምትይዘው ትንሿ ዳዶ ተሰንጥቃለች። ብስክሌት ጠጋኙን አያሌውን ስፈልገው፣ ጎረቤቱ አርፈው ኖሮ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ሱፍና ከረባቴን ለብሼ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ።

"ወዴት ነው እንዲህ አምሮብህ?" አሉኝ ባላቸው የሞተባቸው እትዬ ጥሩ።

"ሰርግ... ሚዜ ሆኜ" አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

አያሌው እንደማያውቀኝ ሰው ፊቱን አዞረ።

"አንተ አያሌው፣ ምን ትጠብቃለህ? ዕቃህን አምጣና እዚሁ ሥራለት እንጂ!" አሉ እትዬ ጥሩ። "የእኛም ሰርግ ዕለት ሚዜው ዘግይቶ፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ፀሐይ ላይ ሲንቆራጠጥ መዋሉን እስኪሞት አልረሳውም" ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

አያሌው ጎማውንና የውስጡን ከመነዳሪ አውልቆ አዲስ ዳዶ አስገባና ሽቦውን ወጠረ። ቸርኬውን ሲያሽከረክረው ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ "ትንሽ ወደ ግራ!" ይለው ነበር።

ደረስኩ። ሰርጉ ሲያልፍ ከሙሽራው ጋር ልናስተዛዝናቸው ሄድን። እትዬ ጥሩ ገና ሳንቀመጥ ሙሽራውን "ፀሐይ ላይ አቆመህ?" አሉት።

"ኧረ አላቆመኝም፣ እትዬ።"

"ተመስገን!" አሉና አጠገባቸው አስቀመጡን።